ቅጠል ልጠርግ የወጣሁ ዕለት

ቶለሳን ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከየካ በላይ፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ባለው ሰፈር ቤት ሠራን። ሠራን ስላችሁ ያለቀለት ቤት እንዳይመስላችሁ። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ቤት የሚፈልግ ሠራተኛ በማኅበር ይደራጃል፣ ቦታ ይመራል፣ ከባንክ ይበደራል። እኛም እንደዚያው አደረግን። ብድሩ ግድግዳውንና ቆርቆሮውን አድርሶ አለቀ። ወለሉ አፈር ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ከመስኮቶቹ ግማሾቹ በመስታወት ፋንታ ቆርቆሮ ተመቶባቸዋል። ቢሆንም የራሳችን ነበርና የገባን ዕለት እኔም ቶለሳም ከደስታ ብዛት ምሳ መብላት አቃተን።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቶለሳ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው። አባቱ በሱሉልታ በኩል የሰው መሬት ሲያርሱ ያረጁ ገበሬ ናቸው፤ አውድማው ላይ እህሉ ለባለመሬቱ እየተሰፈረ ሲሄድ እያየ ስላደገ የዕዳ ነገር ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል። በዚያ ላይ ጋራዡ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው የጦር መኪና ሊጠግን ወደ ሰሜን ተልኮ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ የቤቱን ብድር መክፈል አቅቷት በየቢሮው ስትንከራተት ቶለሳ አየ። ያን ሰሞን አንድ ማታ እራት እየበላን እንዲህ አለኝ፦

«ጥሩዬ፣ ይኼን ብድር ሃያ ዓመት አንጎትተውም። ነገ እኔንም ቢልኩኝ ቤቱ የአንቺ ሆኖ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።»

«በምን እንጨርሰዋለን?»

«ከሁለታችን ደመወዝ አንዱን እንበላለን፣ አንዱን ለባንክ እንሰጣለን።»

«የማንን ነው የምንበላው?»

«ያነሰውን» አለና ሳቀ። ያነሰው የእኔ ነበር።

በዚሁ ተጀመረ። ቶለሳ የአውቶቡስ ሰው ስለሆነ በነፃ ይሳፈራል፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በእግሬ እስከ መገናኛ እወርዳለሁ፤ ወሩ ሲጋመስ አውቶቡሱም ይቀርና እስከ ቢሮ በእግሬ ነው። ምሳችንን ቋጥረን እንሄዳለን። የቶለሳ ሸሚዝ ኮሌታው ሲያልቅ ፈትቼ እገለብጠዋለሁ፤ የተገለበጠውም ሲያልቅ ሸሚዙ የእኔ የቤት ልብስ ይሆናል። ከጓሯችን ጎመን፣ ድንችና ቃሪያ እንለቅማለን። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚደርሰንን ስኳር ለእንግዳ እናስቀምጣለን፤ እንግዳ ግን አይመጣም፤ እኛም ማንም ጋ አንሄድም። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድማ። አምፖል የነበረን አንድ ብቻ ነው። ወጥ ስሠራ ማድ ቤት ይበራል፤ ስንበላ ቶለሳ በጨርቅ ይዞ ይፈታውና ሳሎን ያስገባዋል። ይህን ሁሉ ስናደርግ እየተሳሳቅን እንጂ እየተማረርን እንዳልነበረ እወቁልኝ። ሁለት ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር የሚመስለው።

ያስቸገረን ማገዶ ነበር። ከሰሉ ውድ ነው፣ ላምባው ወረፋ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ጆንያና መጥረጊያ ይዤ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ መውሰድን ጥበቃዎቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። እንጨት መቁረጥ ግን ክልክል ነው። ክልክል ቢሆንም በዚያ መንገድ ላይ በየቀኑ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ይወርዳሉ። ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በሩጫ ነው የሚወርዱት። «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ፤ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

አረገዝኩ። ስምንተኛ ወሬ ውስጥ ስገባ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ቶለሳ ወደ ተራራው እንዳልወጣ ከከለከለኝ ሰንብቷል።

«ከሰል እንግዛ» ይለኛል።

«አንድ ኬሻ ከሰል ስንት እንደገባ ታውቃለህ?»

በራሱ ትምህርት እየረታሁት ነበር።

የዚያን እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። በዚያን ጊዜ ከስብሰባ መቅረት እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም፤ እኔ እርጉዝ ነሽ ተብዬ ተፈቅዶልኛል። ቶለሳ ጠዋት «ዛሬስ ተኝተሽ ዋዪ» ብሎኝ ወጣ። እኔ ደግሞ ጀርባዬን ከንጋት ጀምሮ ይዞኝ ስለነበር መተኛት አልቻልኩም። አልጋችን ጎርባጣ ነውና የእሱ ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ብንቀሳቀስ ይለቀኛል ብዬ ጆንያዬን አነሳሁ።

ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ቀስ እያልኩ፣ እያረፍኩ ወጣሁ። ቅጠሉ በሽ በሽ ነው። እየጠረግኩ፣ እየቆለልኩ፣ ጆንያዬን ከግማሽ በላይ እንደሞላሁ ከጀርባዬ የተነሳ ሕመም ዞሮ ሆዴን ጨመቀኝ። መጥረጊያውን ተደግፌ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አለፈ። ጎንበስ ስል ሁለተኛው መጣ፤ በእግሮቼ መካከል ሙቅ ውኃ ወረደ።

እናቴ ቤት ታናናሾቼ ሲወለዱ አይቻለሁና ምን እንደሆነ ገባኝ። «ገና ነው እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም። ጆንያውን ትቼ ጥቂት እንደወረድኩ ሌላው ሕመም ጉልበቴን አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ከተቀመጥኩበት ሰፈራችን ወለል ብሎ ይታያል። የእኛ ቤት ቆርቆሮ አዲስ ስለነበረ ከሁሉም በላይ ያበራል። እያየሁት እዚያ መድረስ አልችልም። ሕመሙ ፋታ ሲሰጠኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ። የሚመልስልኝ ጠፋ። እንደገና ተጣራሁ። ከላዬ ካለው ጥሻ ውስጥ ሹክሹክታ የሰማሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ጸጥ አለ።

«ሰው ካላችሁ ድረሱልኝ! ምጥ ይዞኛል!»

ያኔ ቅርንጫፍ ተሰበረና አንዲት ሴት ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ላይ በሻሽ የታሰረ የጆንያ ቁራጭ ያለ ሴት ናቸው። እትዬ ድንቄ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። እንጨት ቆርጠው እያሰሩ ሳለ ድምፄን ሲሰሙ ጥበቃው ከሰው ጋር የመጣ መስሏቸው ተደብቀው ነበር።

«ያ ዋቅ! አምላኬ! አንቺ ቅጠል ጠራጊዋ አይደለሽም እንዴ?» አሉና አጠገቤ ተንበረከኩ። «ስንተኛሽ ነው?»

«የመጀመሪያዬ ነው።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«አሁን፣ ከትንሽ ጊዜ በፊት።»

«ጀርባሽንስ?»

«ጀርባዬን ከንጋት ጀምሮ ነው።»

«እንግዲያው ከንጋት ነው የጀመረሽ» አሉና ወደ ጥሻው ዞረው በኦሮምኛ ተጣሩ። አራት ሴቶች ወጡ። ሁለቱ ሸክማቸውን አዝለው ስለነበር ዱብ አድርገው ጣሉት። እትዬ ድንቄ ከመካከላቸው ጫልቱ የምትባለውን ወደ ታች ላኳት። «ባልሽ የት ነው?» ሲሉኝ «ቀበሌ ስብሰባ» አልኩ። «ሮጠሽ ሂጂ፣ ከስብሰባው አውጪው» አሏት። ጫልቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቁልቁለቱን ተንደረደረች።

ሊያነሱኝ ሲሞክሩ ነው የወንድ ድምፅ የመጣው።

«ማነው ይኼን እንጨት የጣለው? የትም አትሄዱም!»

የደን ጥበቃው ነበሩ። የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ ሰው ሁሉ ባሻ ነው የሚላቸው። ካፖርት ለብሰዋል፤ ትከሻቸው ላይ ከሴቶች የነጠቁት ገመድ ተንጠልጥሏል። እንጨት ተሸካሚ ገመዷን ከተነጠቀች ሌላ እስክትገዛ ሥራ ፈታች ማለት ነው። ሴቶቹ ድርቅ ብለው ቀሩ። እትዬ ድንቄ ብቻ እጃቸውን ከሆዴ ላይ ሳያነሱ፣ ዞረው እንኳን ሳያዩ መለሱ፦

«ባሻ፣ እንጨቱንም ገመዱንም ይውሰዱ። የእኔ እጅ አሁን ሥራ ላይ ነው።»

ባሻ ቀርበው አዩኝ። ቀጣዩ ሕመም ሲይዘኝ ደግሞ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የሰው ልጅ ናት» አሉ እትዬ ድንቄ። «ባሻ፣ በክንድ ተሸክመናት አንወርድም፤ ቃሬዛ ያስፈልጋል።»

ባሻ አንዴ ዛፎቹን፣ አንዴ እኔን ተመለከቱ። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቅርንጫፍ እንዳይቆረጥ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንዷ ዘርግተው «መጥረቢያሽን አምጪ» አሉ። ሁለት ቀጥ ያሉ ለጋ ባሕር ዛፎች መርጠው ጣሉ፤ ቅርንጫፋቸውን መለመሉ። ከትከሻቸው ገመዶቹን አውርደው ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው እያመላለሱ ማሰር ጀመሩ። ከሴቶቹ አንዷ ገመዱን እያየች «ይኼ የእኔ ነው» አለች በቀስታ። ባሻ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። በመጨረሻ ካፖርታቸውን አውልቀው ገመዱ ላይ አነጠፉ።

«ዛፉን ማን ቆረጠው ቢባል ባሻ በሉ» አሉ፤ የቃሬዛውንም ፊት አነሱ።

ባሻና ሦስቱ ሴቶች ተሸክመውኝ ቁልቁል ጀመርን። እትዬ ድንቄ እጄን ይዘው ከጎኔ ይሄዳሉ። እነዚያ ሴቶች ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸክም ይዘው በዚያ መንገድ ስለወረዱ እግራቸው እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቀዋል። እንደዚያ ያለ ተንከባካቢ አካሄድ ከዚያ ወዲህ በመኪናም አላጋጠመኝም። ሕመሙ ሲይዘኝ ይቆማሉ፤ ሲለቀኝ ይቀጥላሉ። አንዲቷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር በለሆሳስ ትዘምራለች፤ ጸሎት ይሁን ሥራ ማቅለያ አልጠየቅኋትም።

ግማሽ መንገድ ላይ ሕመሙ መልኩን ለወጠ። «እትዬ፣ ሊመጣ ነው» አልኳቸው። ፊቴን አይተው አልተከራከሩኝም። ከመንገዱ ዳር አንድ አሮጌ ጽድ አለ፤ ጥላው ሰፊ ነው። እዚያ አወረዱኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ከበቡኝ። ባሻ መንገዱ ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ፤ ከታች የሚመጣ ሰው ሲኖር «በዚያ በኩል ዙር!» ሲሉ እሰማለሁ።

የምጡን ነገር አላረዝመውም። የወለደች ታውቀዋለች፤ ላልወለደች ደግሞ ነግሬ አልጨርሰውም። ልጁ ወጣ። ከዚያ ቀጥሎ የነበረውን ጸጥታ ነው እስከ ዛሬ የማስታውሰው። አላለቀሰም። ቀና ብዬ ለማየት አቅም አልነበረኝምና የሴቶቹን ፊት አያለሁ፤ እነሱ ደግሞ የእትዬ ድንቄን እጅ ያያሉ። እትዬ ድንቄ የሕፃኑን አፍና አፍንጫ በጣታቸው ጠረጉ፤ በአፋቸው ሳብ አድርገው ተፉ፤ ጀርባውን በነጠላቸው ጫፍ አሹት። አይቸኩሉም። በጆሮው «ነዪ እንጂ፣ ነዪ እንጂ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሴት መሆኗን ያወቅሁት በዚያ ነው።

የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ጠንከር ያለ። ባሻ ከመንገዱ ላይ ዞር ሳይሉ «ተመስገን!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹም እልል አሉ።

እትዬ ድንቄ እትብቱን ከነጠላቸው ጥለት በመዘዙት ክር አሰሩት፤ ግን አልቆረጡትም። «ቅርንጫፍ በምንቆርጥበት በዚህ በዛገ ማጭድ አልነካውም፤ ሐኪም ይቁረጠው» አሉ። የእንግዴ ልጁም ሲወጣ አብረው ጠቀለሉት። ሕፃኗን ከልብሴ ሥር ደረቴ ላይ አስተኟት። ትንሽ ናት፤ እንደ ወፍ ትተነፍሳለች።

ስንነሳ ግን ደሙ አልቆመም። እትዬ ድንቄ በአንድ እጃቸው ሆዴን አጥብቀው ይጫናሉ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ዓይኔ ይከደናል።

«እንዳታንቀላፊ። አውሪኝ።»

«ምን ላውራ?»

«ስለ ቤትሽ አውሪኝ። የትኛው ነው?»

«ቆርቆሮው የሚያበራው» አልኳቸው። ከዚያም ቃሬዛው ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብድሩን፣ ከሁለት ደመወዝ አንዱን ለባንክ እንደምንሰጥ፣ አንዱን አምፖል ከክፍል ክፍል እንደምናዞር፣ ስኳሩን ለእንግዳ እንደምናስቀምጥ። አምፖሉ ላይ ስደርስ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። ተሸካሚዎቼ እየሳቁ ነበር።

«እና ብድሩ ሲያልቅ ምን ልታደርጉ አስባችኋል?» አሉኝ እትዬ ድንቄ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከቶለሳ ጋር ስለ መጨረሱ እንጂ ከጨረስን በኋላ ስለሚሆነው ተነጋግረን አናውቅም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «መስታወት እናስገባለን» አልኳቸው።

«መስታወት ጥሩ ነው» አሉ፤ ሆዴን መጫናቸውን ግን አላቋረጡም።

ቁልቁለቱ አልቆ ኮረኮንቹ መንገድ ላይ ስንደርስ ቶለሳ ከጫልቱ ጋር እየሮጠ መጣ። በኋላ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ ጫልቱ በባዶ እግሯ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ሰው ሁሉ እየሰማ «ቶለሳ የሚባል አለ? ሚስቱ ተራራ ላይ ምጥ ይዟታል!» አለች። ሰብሳቢው አጀንዳው ሳያልቅ አይወጣም ሊል ሲሞክር የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ብድግ ብለው «ልቀቀው!» አሉት። ቶለሳ ፊቱ አመድ መስሎ ቃሬዛው ላይ አጎነበሰ። ልብሴን ገለጥ አድርጌ ሕፃኗን አሳየሁት። ከዚያ ቀና ብሎ ከሩቅ የሚመጣ መኪና ሲያይ መሐል መንገድ ላይ ገብቶ ሁለት እጁን እያውለበለበ «ታክሲ! ታክሲ!» እያለ ጮኸ። ከተጋባን ጀምሮ ቶለሳ ታክሲ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በዚያ ሁኔታዬም ሳቄ መጣ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እትብቷ ተቆረጠ፤ እኔም ግሉኮስና መርፌ ተሰጠኝ፤ ደሙ ቆመ። ልጅቷ ጊዜዋ ሳይደርስ ስለመጣች ለጥቂት ቀናት አቆዩን። ወደ ቤት ስንመለስ በሩ ላይ አንድ ጆንያ ተደግፎ አየሁ። ተራራው ላይ የተውኩት ቅጠል ነው። ሙሉ ነው፤ እኔ የተውኩት ግን ገና ጎደሎ ነበር። የራሳቸውን እንጨት ትተው እኔን ያወረዱኝ ሴቶች በማግስቱ ተመልሰው ጆንያዬን ሞልተው አምጥተውታል። የእነሱንም ሸክም እንደጣሉት አገኙት፤ ባሻ ቅጠል አልብሰው ደብቀውላቸው ነበር አሉ።

ቶለሳ የዚያን ወር ለባንክ የምንሰጠውን ይዞ እትዬ ድንቄን መንገድ ላይ ጠበቃቸው። እኔም ልጄን ታቅፌ አጥሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

«እማማ፣ ይኼ አይበቃም፤ ግን ይውሰዱልኝ።»

«ለምኑ ነው?»

«ሚስቴንና ልጄን ነው ያወረዳችሁልኝ።»

«እኛ በየቀኑ እናወርዳለን» አሉ እትዬ ድንቄ። «ዋጋውን የምንቀበለው ለእንጨት ነው። ለልጅ ዋጋ ስንት ብዬ ልንገርህ?»

ቶለሳ ብሩን እንደያዘ ቆመ። እሳቸውንም አሳዘናቸው መሰለኝ ድምፃቸውን አለዘቡለት።

«የምር ልታደርግልን ከፈለግህ፣ ይኼ በርህ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ነው። ከዚህ እስከ ገበያ ገና ሩቅ ነው። ሸክሙን መሬት ካወረድነው መልሶ የሚያነሳልን ሰው ስለሌለ ሳናርፍ ነው የምናልፈው። ትከሻችን ጋ የሚደርስ መደብ ብናገኝ እንደታሰረ አስደግፈነው ትንፋሽ እንወስዳለን። ውኃም ብትሰጡን ደስ ይለናል።»

ቶለሳ ለኮርኒስ ብሎ በትንሽ በትንሹ የሰበሰበው ጣውላ ነበረው። በዚያው ሳምንት አውጥቶ ከአጥሩ ውጭ በሴት ትከሻ ልክ ረጅም መደብ ሠራበት፤ በላዩም ቆርቆሮ አለበሰው። አጠገቡ እንስራ አስቀመጥን። በማለዳ ሴቶቹ ተደርድረው ሸክማቸውን አስደግፈው ሲያወሩ ድምፃቸው መኝታ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ልጄን እየተቀባበሉ ያቅፏታል። ስሟን ያወጡላት እትዬ ድንቄ ናቸው፦ ጋዲሴ። በኦሮምኛ ጥላ ማለት ነው፤ ከዚያ ከጽዱ ሥር መወለዷን ለማስታወስ። ለእንግዳ ያስቀመጥነውም ስኳር በዚያ ሰሞን አለቀ።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያበቃ ልጅ የሚይዝልኝ አልነበረም። እትዬ ድንቄን «ከእንጨቱ ይውጡና ከልጄ ጋር ይዋሉ፤ እንጨቱ የሚያስገኝልዎትን እኔ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። ሁለት ቀን አሰቡበትና እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ለባንክ የምንሰጠው ቀነሰ። ቶለሳ አንድም ቀን አላነሳብኝም።

የፈራነውም ደረሰ። ጋዲሴ መዳህ ስትጀምር ቶለሳ ወደ ሰሜን ተላከ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። እሱ ያሰበልኝ ብድሩ ያለቀለት ቤት ነበር፤ ገና አላለቀም። በሄደ በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት መደቡ ላይ ጥቂት እንጨቶች ተለይተው ተቀምጠዋል። ያለፈች ሴት ሁሉ ከሸክሟ አንዳንድ እየመዘዘች ትታልኝ ነው። በነጋታውም እንደዚያው። ቶለሳ እስኪመለስ ድረስ ማገዶ ገዝቼ አላውቅም፤ አንድም ጠዋት ደግሞ «እንዴት አደርሽ? ወሬ መጣ?» ሳይሉኝ አላለፉም። ባሻም አንዳንዴ እየወረዱ «የእኔ ልጅ እንዴት ናት?» ብለው መደቡን ተደግፈው ውኃ ይጠጣሉ፤ በዚያ ሰዓት ማንም ስለ እንጨቱ አይጠይቅም፣ እሳቸውም አያዩም። ቶለሳ ክረምቱ ሲያልቅ ከሲታ ሆኖ፣ ግን ሙሉ አካሉን ይዞ ተመለሰ። ብድሩንም ካሰብነው ዘግይተን፣ ባንኩ ከቆረጠው ጊዜ ግን ብዙ ቀድመን ጨረስነው።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ብድር ያለባቸው ልጆች እንዴት እንደቆጠብን ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ እነግራቸዋለሁ። ምሳችሁን ቋጥሩ፣ በእግራችሁ ሂዱ፣ ያለቀውን ጠግኑ። በዚያ ኑሮዬ አላፍርም፤ ዛሬም ቢሆን ኮሌታ እገለብጣለሁ። አንድ ነገር ግን እጨምርላቸዋለሁ፦ ከሰው አትቆጥቡ። እኔና ቶለሳ ወጪ እንቀንሳለን ብለን ሳናስበው ሰውንም ቀንሰን ነበር። ያ እሑድ ባይመጣ ኖሮ በጊዜው የተከፈለ፣ መስታወቱ የገባለት፣ ማንም የማያንኳኳው ቤት ይኖረን ነበር።

ጋዲሴ አሁን መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። እሷም እንደ አባቷ ብድሩን ቀድማ ልትጨርስ ቆርጣ ተነስታለች። ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ከፊት ለፊት ያለው ቤት ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ።

«የማን ልጅ ናት?» አልኳት።

«አላውቅም እማዬ። ከገቡ ብዙ ጊዜያቸው ነው፤ ግን አንተዋወቅም።»

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። «እማዬ፣ ወዴት ነው?» ስትለኝ ዞር አላልኩም። ኮሪደሩን ተሻግሬ በሩን አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

«ጎረቤት» አልኩ።